ዝም ያለችው ቮልስ

ባለፈው ሰኞ ከተማሪዎቼ አንዱ በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ቮልሴን ስገፋ አገኘኝና፥ «መምህር፥ ይህችን ነገር ሸጠው በባጃጅ ቢመላለሱ አይሻልዎትም?» ሲል ጠየቀኝ። ልጁ የጠየቀው በቅንነት ነው፤ በዚያም ላይ ከኋላ ሆኖ እየገፋልኝ ስለ ነበር ልቆጣው አልቻልሁም።

ለእርሱ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ ለእናንተ ግን ረዘም ላድርገው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መኪና መልካም ነገር መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ዋጋውና የመምህር ደመወዝ ገና አልተዋወቁም። ስለዚህ አሮጌ መኪና በእጁ ያለው ደመወዝተኛ ያለው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ እጁን ዘይት ማስነካት፥ ወይ ደመወዙን ለጋራዥ ማስረከብ። እኔ ሁለተኛውን ሞክሬ ስላየሁት ነው ዛሬ ስለ መጀመሪያው የምጽፈው።

ቮልሴ አጎቴ ያወረሱኝ ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 የተሠራች 1300 የምትባለው ዓይነት ስትሆን፥ ጉልበቷ 40 ፈረስ፥ ክብደቷም ወደ 800 ኪሎ ነው። ሞተሯ ከኋላ መሆኑንና ውሃ አለመጠጣቷን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የሚያቀዘቅዛት በአንዲት ቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ ነው። የዚህ ዓይነት መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥቷል። አሠራሯ ቀላል ከመሆኑ የተነሣ፥ በ1964 ብሩስ ማየርስ የተባለ አሜሪካዊ ለቮልስ ዕቃዎች የፋይበርግላስ አካል ሠርቶ በአሸዋ ላይ የምትሮጥ መኪና አደረጋት፤ አካሉንም ሌሎች በየቤታቸው እንዲገጣጥሙት ለብቻው ይሸጥ ነበር። ሰው በግቢው የሚገጣጥመውን መኪና በግቢው መጠገን ያቅተዋል ማለት እንግዲህ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ቮልሴ ድሮ ሞተሯ ሲሠራ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ነበራት። ጓደኞቼ ይስቁብኝ ስለ ነበር አንድ ቀን ጋራዥ ወሰድኋት፤ ስሙን አልጠራውም። ሠራተኛው ግማሽ ሰዓት ያህል ከኋላዋ ተንበርክኮ ሲነካካ ቆየና አስነሣት። ድምፁ ጠፋ! ገንዘቡን ከፍዬ፥ አመስግኜ፥ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ከአራት ወር በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ፥ ጊንጪን አልፌ ወደ አዲስ ዓለም በሚወስደው ዳገት ላይ መኪናዋ ደከመች። በሦስተኛ ማርሽ የምትወጣውን ዳገት በሁለተኛ፥ ከዚያም በአንደኛ ማርሽ አዘገመች። ከማርሚታዋ ፉፍ ፉፍ የሚል ትንፋሽ ይወጣ ነበር። እንደ ምንም አዙሬ አምቦ ገባሁና፥ በሰፈራችን ያሉትን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ መካኒክ ለመንኋቸው። ሽማግሌው አላስነሷትም። ቁልፍ በፑሌጃው ብሎን ላይ አግብተው ሞተሩን በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩት። ጤነኛ ሞተር እንዲህ ሲዞር አራት ጊዜ እጅን ይታገላል፤ የእኔው ሦስት ጊዜ ታገለና አራተኛው ላይ ወለም ብሎ አለፈ።

«ቫልቮላ ተቃጥሏል» አሉኝ።

«ጋሼ፥ ምንም ድምፅ እኮ አልነበራትም!» አልኋቸው።

«ሕመሟ እሱ ነው፥ ልጄ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቫልቮላውና እሱን በሚጫነው ክንድ መካከል፥ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፥ ለዚህ ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ክንዱ ይህችን ጠባብ ክፍተት ሲሻገር የሚያሰማው ነው። ሠራተኛው ድምፁን ለማጥፋት ክፍተቱን ደፈነው። ከዚያ ቫልቮላው ሲሞቅ ይረዝማል፤ ክፍተት ስለሌለውም በመቀመጫው ላይ በሚገባ ሊያርፍ አይችልም። ቫልቮላ ሙቀቱን የሚያራግፈው በመቀመጫው ላይ በሚያርፍባት ቅጽበት በመሆኑ፥ ካላረፈ ጫፉ እየነደደ ይሄዳል። ክፍተቱ የሰፋ ቫልቮላ ይጮኻል፥ ጉልበትም ትንሽ ይቀንሳል፤ የጠበበው ግን እስኪቃጠል ድረስ አንዲት ቃል አይናገርም። የተቃጠለብኝ የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቮላ ነው። በእኔዋ ዘመን በተሠሩት ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ወደ 3ኛው ሲሊንደር በሚሄደው ነፋስ መንገድ ላይ ስለሆነ፥ ያ ሲሊንደር የሚደርሰው የሞቀ አየር ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚጎዳው እርሱ ነው።

ቫልቮላውን ለመለወጥ ቴስታታው መውጣት አለበት፤ ቴስታታው እንዲወጣ ደግሞ ሞተሩ መውረድ አለበት። እዚህ ላይ አንድ የእንግሊዞች ታሪክ ልንገራችሁ፤ ለሥራው ጠቅሞኛልና። በ1957 ኮሊን ቻፕማን የተባለው መሐንዲስ ሎተስ ሰቨን የምትባል 500 ኪሎ ያህል የምትመዝን ቀላል የስፖርት መኪና አወጣ። ተገጣጥማ ከተሸጠች የግዢ ግብር ይከፈልባታል፤ ዕቃዋ ተበትኖ ከተሸጠ ግን ግብሩ ይቀራል። ስለዚህ ብዙ ወጣቶች ዕቃውን ገዝተው በቤታቸው ይገጣጥሟት ነበር። ሕጉ የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ እንዳይሰጥ ይከለክል ስለ ነበር፥ ፋብሪካው የማፍረሻ መመሪያ ጽፎ ይሰጥ ነበር ይባላል፤ ገዢው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እያነበበ ይሠራል ማለት ነው።

እኛም ይህንኑ አደረግን። አንድ ቅዳሜ ሁለት ተማሪዎቼና እኔ፥ ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እያዘዙን፥ ሥራውን በግቢዬ ጀመርን። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮ ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው። ባትሪውን ማላቀቅ፥ የቤንዚኑን ቱቦ መድፈን፥ የነዳጅ መስጫውን ሽቦና የማሞቂያውን ሽቦዎች መፍታት፥ ከዚያም መቶ ኪሎ የሚያህለውን ሞተር በክሪክ ደግፎ ወደ ኋላ መሳብና ማውረድ ነው። አንደኛው ልጅ እያንዳንዱን ብሎን ሲፈታ በደብተር ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው በዚያው ቁጥር በተጻፈበት የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ይጥለዋል። ሃያ ሦስት ጣሳ ሞላን። ቴስታታውን አዲስ አበባ ወስጄ መቀመጫውን አስተካከልሁ፤ ቫልቮላውንና ጓርኒሲዮኑን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። ሁሉም ተደምሮ የሁለት ወር ደመወዜን በላ።

ስንገጣጥም ደብተሩን ከኋላ ወደ ፊት አነበብን። ማታ ላይ ሞተሩ ገብቶ፥ ተነሥቶ፥ ጠቅ ጠቅ ሲል ልጆቹ አጨበጨቡ። በዚህ መካከል ሽማግሌው በአጥሩ ሥር የወደቀች አንዲት የተቆለመመች ቆርቆሮ በከዘራቸው አመለከቱን። የስድስተኛው ጣሳ ዕቃ ነበረች። «ያለሷም ሠርቷል እኮ» አለ አንደኛው ልጅ። ሽማግሌው፥ «ነፋሱን ወደ ሲሊንደሩ የምትመራው እሷ ናት፤ እሷን ትታችሁ ጉደር እንኳ አትደርሱም» ብለው ሞተሩን በማግሥቱ እንደገና አስወረዱን። በዚያ ሌሊት ስለ እርሳቸው ያሰብሁትን እዚህ አልጽፈውም፤ ነገር ግን ትክክል ነበሩ። በቮልስ ላይ ያለ ቆርቆሮ ሁሉ ለጌጥ የተደረገ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ቫልቮላውን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ራሴ እለካለሁ። ሞተሩ ሌሊቱን ያደረ፥ ፈጽሞ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ሲሞቅ ልኩ ይለወጣል። የቫልቮላውን ክዳን የያዘችውን የሽቦ ሞላ በካቻቢቴ ወደ ታች ታወርዱና ክዳኑን ትከፍታላችሁ። ፑሌጃው ላይ ያለውን ምልክት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር ስታገናኙ፥ የዲስትሪቡተሩ ጣት በአፉ ላይ ወዳለችው ጭረት ካመለከተ 1ኛው ሲሊንደር ዝግጁ ነው። ሁለቱን ቫልቮላዎች ከለካችሁ በኋላ ፑሌጃውን ግማሽ ዙር ወደ ኋላ ስታዞሩት 2ኛው ይመጣል፤ ከዚያ 3ኛው፥ ከዚያ 4ኛው። 0.15 የተጻፈበት ስስ የብረት ቅጠል በክፍተቱ ውስጥ ሲጎተት ትንሽ ያዝ ያዝ ማድረግ አለበት። ማጥበቂያውን ዳዶ ስታጠብቁ ልኩ ከእጃችሁ ሊያመልጥ ስለሚችል፥ ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ። እኔ ይህን ሳልማር ሦስት እሑድ አባክኛለሁ።

ዘይቱን በዚያው ቀን መለወጥ ይቻላል፤ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። የቮልስ ሞተር የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው ከሥሩ በስድስት ትንንሽ ዳዶ የተያዘ ወንፊት ነው፤ አውጥታችሁ በቤንዚን እጠቡት። ዳዶዎቹን ግን በጉልበት አታጥብቁ፤ የሞተሩ አካል ለስላሳ ብረት ስለሆነ ክሩ ተነቅሎ ይወጣል።

ቫልቮላ ቢቃጠል የሚጎዳው ኪስ ነው። ሕይወት የሚጎዱት ሌሎች ናቸው፤ በእነዚህ ላይ ቀልድ የለም። የመጀመሪያው ፍሬን ነው። በእኔዋ ዓይነት ቮልስ የአራቱም ጎማ ፍሬን በአንድ መስመር የተያያዘ ስለሆነ፥ አንዱ ጋ ዘይት ከፈሰሰ አራቱም ይጠፋሉ። ከቤት ሳትወጡ ፔዳሉን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ያዙት። ቀስ እያለ ከሰመጠ ዘይት የሚያልፍበት ቦታ አለና መኪናዋ ከግቢ አትውጣ። ሁለት ጊዜ ሲረገጥ ከፍ የሚል ከሆነ ሸራው መጠጋት ያስፈልገዋል፤ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ አየር ገብቷል። የፍሬን ዘይት ቢጎድል የሞተር ዘይት የሚጨምሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ይህ የፖምፓውን ጎማዎች አሳብጦ ያበላሻል። ሸራ ማጠጋት በቤት ይሠራል፤ ፖምፓ መፍታትን ግን እኔ አልደፍረውም፤ ለሚያውቅ እሰጣለሁ።

ሁለተኛው እሳት ነው። ቤንዚኑ ከፊት ካለው ጋን ተነሥቶ እስከ ኋላ ይሄድና ወደ ሞተሩ የሚገባው በአጭር የጎማ ቱቦ ነው። ቱቦው በሙቀቱ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በጋለው ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። በየዓመቱ ብትለውጡት ወጪው ኢምንት ነው። የሞተሩ አካል ማግኒዝየም ያለበት ብረት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል፤ ስለዚህ ትንሽ የእሳት ማጥፊያ ከወንበር ሥር ይኑር። ስለ ወንበር ካነሣን፥ ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ክዳኑ ከጠፋና ወፍራም እንግዳ ከተቀመጠበት የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ራስ ነክቶ ሊያቀጣጥል ይችላል። አጎቴን ከኋላ ከማስቀመጤ በፊት ክዳኑን የምመለከተው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ክሪክ ነው። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር አትግቡ። ድንጋይም አትደግፉባት፤ ድንጋይ ሳይነግራችሁ ይሰነጠቃል። ወፍራም ግንድ ይሻላል።

በእኛ ከፍታ ስለሚነዱ አንድ ነገር ልጨምር። አምቦ ከባሕር ወለል ወደ 2,100 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፥ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጥቁር ካንዴላ ባያችሁ ቁጥር ሞተር ሞተ ብላችሁ አትደንግጡ። ስስ አየር የሚያቀዘቅዘውም በዚያው መጠን ያነሰ ነውና ቺንጋዋን አትርሱ፤ በአውራ ጣት ስትጫኗት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መግባት ይበቃታል። እየነዳችሁ ቀዩ መብራት ከበራ ወዲያው ቁሙ፤ ቺንጋዋ ተበጥሳ ከሆነ ዲናሞው ብቻ ሳይሆን ማራገቢያውም ቆሟል።

ሰኞ ዕለት ስገፋት የነበረው ለምን እንደሆነ ልጁ መጨረሻ ላይ ጠየቀኝ። የዲስትሪቡተሩን ክዳን ከፍቼ አሳየሁት፤ የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው ተበልቶ ጨርሶ ተዘግቶ ነበር። ከካንዴላው የሚዘል እሳት የለም ማለት ነው። አሥር ደቂቃ ፈጀብን። ስትነሣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ፥ «መምህር፥ ጠቅ ጠቅ ይላል» አለኝ። የፊታችን እሑድ ጠዋት፥ ሞተሩ ሳይሞቅ፥ መጥቶ በራሱ እጅ እንዲለካው ተስማምተናል፤ ጣሳዎቹን ግን ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።