ጀርመን ሼፐርድ በኮንዶሚኒየም፦ ቡችላ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

 

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ስኳርም አልጽፍም፤ ስለ ውሻ ነው። "ሐኪም ስለ ውሻ ምን አገባት?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ውሻ የነከሰው ሰው የሚመጣው ወደ እኛ ስለሆነ ያገባኛል።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። በየበረንዳው የታሰሩ ጀርመን ሼፐርዶችና ዲቃላዎቻቸው አሉ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሌባ ያሰጋል፣ ልጆችም ውሻ ይወዳሉ። ግን አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ በየቀኑ 2 ሰዓት ያህል ልታንቀሳቅሱት የማትችሉ ከሆነ ጀርመን ሼፐርድን ኮንዶሚኒየም ውስጥ አታሳድጉ። ውሻው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ክፉ የምናደርገው እኛ ስለሆንን ነው።

ይህ ውሻ ለምን ሥራ ተፈጠረ?

"ሼፐርድ" ማለት እረኛ ማለት ነው። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የተባለ ጀርመናዊ የፈረሰኛ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 ሆራንድ ብሎ የሰየመውን የእረኛ ውሻ ገዝቶ በዚያው ዓመት የዝርያውን ማኅበር መሠረተ። ውሻው የሚፈለገው በጎቹ ሰብል ውስጥ እንዳይገቡ ቀኑን ሙሉ በዳር በዳር እየተመላለሰ እንዲጠብቅ ነበር። በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮችን እየመራ አገልግሏል። ፖሊስና ጦር ሠራዊትም እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

ስለዚህ ጠባዩ እንደሚወራው "ቁጡ" አይደለም። ታማኝ ነው፣ ትምህርት ቶሎ ይገባዋል፣ ለማያውቀው ሰው ደግሞ ቁጥብ ነው። ይህ ቁጥብነት ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው። ቡችላ ሰውን፣ ሕፃናትንና ጫጫታን የሚለማመደው በተለይ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ዕድሜው ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በረንዳ ላይ ታስሮ ካሳለፈው፣ ሲያድግ ደረጃ የሚወጣው ጎረቤት ሁሉ ጠላት ይመስለዋል። በሰንሰለት ታስሮ የሚኖር ውሻ የመንከስ ዕድሉም ከፍ ያለ ነው።

ታዲያ ሌባስ?

ቀኑን ሙሉ ለሁሉም የሚጮህ ውሻ ሌባ ሲመጣ ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ጎረቤት ጆሮው ለምዶታል። ለደኅንነታችሁ ከሆነ፣ ከብሎኩ ነዋሪ ጋር አዋጥታችሁ ጥበቃ መቅጠርና የመግቢያውን በር ማጠንከር ይሻላል።

በግቢ ውስጥ የሚኖር ሰው ውሻውን በአጥር ይለያል። እኛ ግን ደረጃውም ኮሪደሩም የጋራ ነው። የአዋቂ ጀርመን ሼፐርድ ቁመት እስከ ትከሻው 65 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ክብደቱም እስከ 40 ኪሎ። ጠባብ ደረጃ ላይ የሚያገኘው የ3 ዓመት ሕፃን ፊቱ ከውሻው አፍ ብዙም አይርቅም። ሕፃናት ብዙ ጊዜ የሚነከሱት ፊታቸውንና አንገታቸውን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ደግሞ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ስለሚጓዝ፣ ቁስሉ ለጭንቅላት በቀረበ ቁጥር አደጋው ይከፋል።

አስቀድማችሁ እያሳደጋችሁ ከሆነ

1. 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት፤ ከዚያም በየዓመቱ። "ከቤት አይወጣም" ምክንያት አይሆንም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ አንድ ያልተከተበ ውሻ ለብሎኩ ሁሉ ነው የሚተርፈው።
2. ጠዋትና ማታ በገመድ ይዛችሁ አንሸራሽሩት። በረንዳ ላይ መቆም እንቅስቃሴ አይደለም።
3. ቡችላውን እስከ 3 ወር ደረጃ ላይ ተሸከሙት። ዝርያው ለዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የተጋለጠ ነው፤ በዚያ ዕድሜ በየቀኑ ደረጃ መውጣትና መውረድ ደግሞ ያባብሰዋል።
4. ወጥ የነካው እንጀራ አትስጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ።
5. የሆድ ትል መድኃኒት በጊዜው ስጡት፤ ሰገራውንም በፌስታል አንሱ። በብሎኮቹ መካከል ባለው ሣር ላይ የሚጫወቱት ልጆቻችን ናቸው።

ውሻ ሰው ከነከሰ

ወዲያውኑ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ! ቡና፣ ፌጦ ወይም ቅጠል አታድርጉበት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። አዲስ አበቤ "ፓስተር ውሰዱት" የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከመነሻዎቹ አንዱ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ሉዊ ፓስተር በክትባቱ የመጀመሪያውን ልጅ ያተረፈው እ.ኤ.አ. በ1885 ነበር።

ክትባቱ በተለያዩ ቀናት ስለሚሰጥ "ቁስሉ ድኗል" ብላችሁ አታቋርጡ። በሽታው ብዙውን ጊዜ ምልክት የሚያሳየው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ባህላዊ መድኃኒት ስትሞክሩ የሚያልፈው ጊዜ የክትባቱ ጊዜ ነው። ውሻውንም አትግደሉት፤ አስራችሁ 10 ቀን ተከታተሉት። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀኑን ሳይጠብቅ ሕክምናውን ይጀምር።

በመጨረሻ፣ ውሻ በመርዝ ማስወገድ ለሚቀናን። መርዝ በሽታውን አያቆምም፤ የሞተውን የሚተካ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች መከተብ ነው። በብሎካችሁ ስብሰባ ላይ ስለ ውኃ ሞተርና ስለ ጽዳት መዋጮ እንደምትነጋገሩ ሁሉ፣ "የማን ውሻ ተከትቧል?" የሚለውንም ጠይቁ። የክትባት ካርዱን ማሳየት ውሻ የሚያሳድግ ሰው ግዴታ ይሁን።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በብሎካችሁ ያለው ውሻ ተከትቧል? ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ ቡችላ ሊገዛ ላሰበ ወዳጃችሁም አጋሩት።