ሰዓት ብቻውን ክህሎትን አይለካም

በሮቦት የታገዘ የሆድ ዕቃ ቀዶ ጥገና ሲነሣ ብዙ ተማሪዎች ሮቦቱ በራሱ የሚቀድና የሚሰፋ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ ከታካሚው ጥቂት ራቅ ብሎ በመቆጣጠሪያው ፊት ተቀምጦ እጁን ሲያንቀሳቅስ፣ ወደ ሆድ የገቡት ቀጫጭን መሣሪያዎች ያንኑ እንቅስቃሴ አሳንሰው ይደግሙታል፤ የእጅ መንቀጥቀጥም ተጣርቶ ይቀራል። ዳ ቪንቺ የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ለዚህ ተግባር ፈቃድ አግኝቷል። የሚሠራው ሰው ስለሆነ መማር ያለበትም ሰው ነው። በተለይ በቀደሙት ሞዴሎች መሣሪያው የገጠመው ኃይል ለሐኪሙ እጅ ስለማይደርስ የክሩን ውጥረት በዓይኑ መገመት ይኖርበታል። (ይህን ኃይል ወደ እጅ የሚመልሰው የዳ ቪንቺ ሞዴል በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ2024 ነው።)

ታዲያ ሐኪሙ ስንት ታካሚ ካከመ በኋላ «ተማረ» ይባላል? ጥያቄው የልኬት ጥያቄ ነውና የፊዚክስና የሒሳብ ተማሪዎችንም ይመለከታል እንላለን።

የመማር ኩርባ የታወቀው በፋብሪካ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቲ. ፒ. ራይት እ.ኤ.አ. በ1936 የተሠሩት አውሮፕላኖች ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር ለአንዱ የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ 80 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ አሳየ። ቀዶ ሐኪሞች በብዛት የሚጠቀሙበት የድምር ልዩነት ዘዴም እንግሊዛዊው ኢ. ኤስ. ፔጅ በ1954 ለምርት ጥራት ቁጥጥር ያቀረበው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የሐኪሙ አማካይ 200 ደቂቃ ሆኖ የመጀመሪያው ሥራ 260 ከወሰደ 60 እንመዘግባለን፤ ሁለተኛው 240 ከሆነ 40 ጨምረን 100 እንላለን፤ ቀጣዩ 190 ከሆነ 10 ቀንሰን 90 እንጽፋለን። መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ ማሽቆልቆል የሚጀምርበት ጫፍ የመማሪያው ጊዜ ማብቂያ ተደርጎ ይወሰዳል። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በዚሁ ዘዴ 50 ተከታታይ የትልቁ አንጀት ሥራዎችን መርምሮ የመጀመሪያዎቹን 15 የመማሪያ፣ ቀጣዮቹን 10 የመደላደያ፣ የቀሩትን 25 ደግሞ ከበድ ያሉ ታካሚዎች የታከሙበት የብስለት ምዕራፍ ብሎ ከፍሏቸዋል።

እኛን የሚያሳስበን እዚህ ላይ ነው። መነሻው የሐኪሙ የራሱ አማካይ ከሆነ የልዩነቶቹ ድምር በመጨረሻ ምንጊዜም ዜሮ ነው። መስመሩ ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ዜሮ መመለሱ የሒሳብ ግዴታ እንጂ የክህሎት ምስክር አይደለም። አንባቢው 30 ቁጥሮችን በዕጣ አውጥቶ ከእያንዳንዱ ላይ አማካዩን እየቀነሰ ቢደምር ኮረብታ ወይም ሸለቆ የሚመስል መስመር ያገኛል፤ ማንም ግን አልተማረም። ደቂቃም ቢሆን ከታካሚው ጤና ጋር አንድ አይደለም። የበሰለ ሐኪም አስቸጋሪ ታካሚዎችን ሲቀበል ሰዓቱ ሊረዝም፣ የቸኮለ ሰው ሰዓት ደግሞ ሊያጥር ይችላል።

ሐኪሙ ከመማሪያው ምዕራፍ በትክክል መውጣቱ ካልታወቀ የመሣሪያው ፍርድም ይዛባል። ውጤቱ በ2017 የታተመው ሮላር የተባለ ሙከራ በ10 አገሮች 471 የትልቁ አንጀት ማብቂያ ካንሰር ታካሚዎችን በዕጣ ለሮቦትና ለተለመደው ላፓሮስኮፒ ደለደለ። ሆድን በሰፊው ወደ መክፈት መመለስ ያስፈለገው በሮቦቱ 8.1፣ በላፓሮስኮፒው 12.2 በመቶ ላይ ነበር፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን የሚያስተማምን አልሆነም። ኋላ የተደረገ ትንተና የሐኪሞቹ የሮቦት ልምድ ከላፓሮስኮፒው ማነሱ በውጤቱ ላይ ተጽዕኖ ሳያሳድር እንዳልቀረ ጠቁሟል። የተመዘነው መሣሪያው ነው ወይስ ተማሪው?

በእኛ አስተያየት መለኪያው አስቀድሞና ከሐኪሙ አማካይ ውጭ መወሰን አለበት። ሆዳቸው በሰፊው የተከፈተ፣ የተሰፋ አንጀታቸው ያፈሰሰ፣ ዳግመኛ ቀዶ ጥገና ያስፈለጋቸው ስንት ናቸው? የጅማሬው ዝግታ በተቻለ መጠን በሲሙሌተር ላይ ይለቅ። 5ኛው ወይም 6ኛው ታካሚም ለዚያ ሐኪም ስንተኛ እንደሆነ ማደንዘዣ ከመውሰዱ በፊት ሊነገረው ይገባል።