ያልገጠመ የሞተር ፑሌጃ ስለሚያደርሰው ጥፋት

በአባ ጅፋር ዘመን ከጅሬን በታች ባለው በሒርማታ ገበያ ቡና በበቅሎ ይጫን ነበር። በዚያ ጊዜ የበቅሎ ጀርባ የገጠበ እንደ ሆነ ዐዋቂ ነጋዴ መደላድሉን አውርዶ ያልገጠመበትን ቦታ ይመለከታል እንጂ በቅሎውን አይመታም። ዛሬ ቡናችንን የሚያመላልሰው መኪና ነው፤ ሞተሩ በታመመ ጊዜ ግን ሹሙም ባለ እርሻውም ሾፌሩን ይቈጣሉ እንጂ ያልገጠመውን ነገር አያስመረምሩም። ስለዚህ በአንድ ትንሽ ዕቃ ምክንያት ያየነውን ለመግለጽ ወደድን።

ፑሌጃ የሚባለው በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ ገብቶ አብሮ የሚዞርና ቺንጋውን የሚነዳ መንኰራኵር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር ፑሌጃው ጥቂት እንኳ ተጣሞ ገብቶ እንደ ሆነ ቺንጋው በሰከንድ 25 ጊዜ፣ በሰዓትም 90,000 ጊዜ ይናጣል። እንዲህ ሲናጥ ይበላል ወይም ይወጣል፤ ቺንጋው የሚያዞረው የውሃ ፓምፕ ይቆማል፤ ሞተሩም ይፈላል። ከጊቤ በረሃ ሽቅብ በሚወጣ የጭነት መኪና ላይ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚሆን መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

የደረቀ ቡና መንገድ ላይ ቢያድር እምብዛም አይጐዳም። ቀይ እሸት ቡና ግን በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ክምሩ ይሞቃል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። በአጋሮ ዙሪያ የገበሬ ማኅበራት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አቋቁመው፣ ከእነርሱም የአንዱ የዱሮሚና ቡና በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ከወጣ ወዲህ፣ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ ያደረ እሸት ስንት ድካም እንደሚያጠፋ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ባለፈው የለቀማ ወራት ከጌራ ወደ አጋሮ እሸት የሚያመላልስ አንድ መኪና በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ቺንጋ ሲጥል አየን። ባለቤቱ ሦስት አዲስ ቺንጋ ገዛ፤ ዋጋውንም ከሾፌሩ ደመወዝ ቈረጠ። በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተጠራ። እርሱም ቺንጋውን አወለቀና ጠመኔ ከፑሌጃው ጐን አስጠግቶ፣ እጁን እንዳይነቃነቅ አስደግፎ፣ ዘንጉን በእጅ ቀስ አድርጎ አስዞረ። ጠመኔው ፑሌጃውን የነካው በአንድ ወገን ብቻ ነበረ። ከዚህ በኋላ ፑሌጃውን በመንቀያ አውጥቶ የዘንጉን ጫፍ ራሱን በዚያው ዐይነት ቢፈትነው ደኅና ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ የቁልፏ ነበረ፤ ይህችም በዘንጉና በፑሌጃው መካከል ገብታ ሁለቱን አብራ የምታስዞር ትንሽ ብረት ናት። የቀድሞዋ ጠፍታ በእርሷ ፈንታ ከሌላ ብረት ተሞርዳ የገባችው ቁመቷ በዝቶ፣ ፑሌጃው እስከ መጨረሻው እንዳይገባ አግዳ አጣማው ኖሯል። ልኳን የጠበቀች ቁልፍ ገባች፤ መኪናውም በዚያ ወቅት ዳግመኛ ቺንጋ አልጣለም። ከሾፌሩ የተቈረጠው ገንዘብ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰለትም።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የቁልፍ ነው ማለታችን አይደለም። በፑሌጃው ቀዳዳ ውስጥ ዝገት ወይም የተነሣ የብረት ጉጥ ቢኖር በቀጭን ሞረድ ይጠረጋል። የሌላ ሞተር ፑሌጃ በመልክ ብቻ ተመሳስሎ ተገዝቶ እንደ ሆነ ሳይለካ አይታወቅም። በብዙ ሞተሮች ፑሌጃው ሁለት ቀለበት ሆኖ በመካከሉ ጎማ አለው፤ ጎማው ሲለቅ የውስጡ ደኅና ሳለ የውጭው ይወላገዳልና ያን ጊዜ መለወጥ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። ከሁሉ የከፋው ግን አልገባ ያለውን በመዶሻ መቀጥቀጥ፣ የላላውንም በቆርቆሮ ቍራጭ ማጥበቅ ነው። መዶሻው ዘንጉን ወደ ውስጥ ገፍቶ ኩሽኔታውን ይጐዳል፤ ቆርቆሮውም ፑሌጃውን ከመካከል ያወጣዋል።

እጁን የሚያገባው መካኒክ ቢሆንም ጊዜውንና ገንዘቡን የሚፈቅደው ሹሙ ነው። መኪናዎች በኅዳር፣ እሸቱ ተጭኖ ሳለ፣ በሌሊት በባትሪ ብርሃን ከሚመረመሩ በነሐሴ ቢመረመሩ፣ ልኩ ያልሆነውን ዕቃ መልሶ ከአዲስ አበባ ሌላ ለማስመጣት ጊዜ ይተርፋል። ዕቃ ገዢውም አሮጌውን ፑሌጃና የሞተሩን ቍጥር ይዞ ይሂድ። ሾፌሩ ቅጣት ፈርቶ እንዳይሸሽግ ቺንጋ የጣለበት ቀን በመዝገብ ይጻፍለት፤ ሁለተኛ ለጣለ መኪናም ፑሌጃው ሳይታይ ሌላ ቺንጋ አይገዛለት።