ሳይቃጠል በቅጠል፦ ጽሑፋችንን እኛው እናስቀምጥ

ወገን፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ይሄ ፔጅና የቴሌግራም ቻናላችን ነገ ጠዋት ቢዘጉ፣ ስንት ዓመት የጻፍነውና የተከራከርንበት ሁሉ የት ይገኛል? የትም! ጸሐፊዎቹ እኛ ነን፣ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ግን ሌላ ሰው እጅ ነው።

"ማን ይዘጋዋል?" የምትሉ ትዊተርን ተመልከቱ። ፕሮግራመሮች መረጃ የሚወስዱበት በር፣ ኤፒአይ የሚባለው፣ ለዓመታት በነጻ ክፍት ነበር። ተማሪውም ተመራማሪውም ትዊፒ በምትባል ትንሽ የፓይተን ላይብረሪ ይገባ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ፖስት ማንበቡን በገንዘብ አደረገው፤ ትንሹ ክፍያ ያኔ በወር 100 ዶላር ነበር! ትዊፒ አልተበላሸችም፣ በሩ ነው የተዘጋው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይሄ ነው።

የቴሌግራም በር ግን እስካሁን ክፍት ነው። ቴሌቶን የምትባል ነጻ የፓይተን ላይብረሪ አለች፣ በፒፕ ትጫናለች። ከዛ ማይ ዶት ቴሌግራም ዶት ኦርግ ላይ በስልክ ቁጥራችሁ ገብታችሁ ኤፒአይ አይዲና ኤፒአይ ሃሽ የሚባሉ ሁለት ቁልፎች ትወስዳላችሁ። በአስር መስመር አካባቢ ኮድ የቻናላችሁን ፖስት ከመጀመሪያው እስከ ዛሬው ታወርዳላችሁ። "ቴሌግራም ዴስክቶፕም ኤክስፖርት ያደርጋል እኮ" ትሉ ይሆናል። ልክ ነው። ኮዱ ግን በየቀኑ አዲሱን ብቻ እየለየ እንዲጨምር ማድረግ ትችላላችሁ።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ኮዱ የሚፈጥረው የሴሽን ፋይል የአካውንታችሁ ቁልፍ ነው። ለጓደኛ አይሰጥም፣ ጊትሀብ ላይም አይጫንም። ሁለተኛ፣ ጥያቄ ካበዛችሁ ቴሌግራም "ይህን ያህል ሰከንድ ጠብቁ" ይላችኋል። ጠብቁ፣ አትታገሉት። ሦስተኛ፣ የራሳችንን ጽሑፍ እንጂ የሰው ስምና ስልክ አንሰብስብ። ጽሑፍ ማዳን ሌላ፣ ሰው መሰለል ሌላ።

እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ፈላጊ ነኝ። ገንዘብ የለንም፣ ጊዜ ግን አለን። ኮድ የምትችሉ ለማይችለው አሳዩ፤ አንድ ላፕቶፕ ለአራት ሰው መማሪያ ይበቃል። አያቶቻችን ብራና ፍቀው የጻፉትን ዛሬም እናነባለን። የእኛ ጽሑፍ አንድ ኩባንያ ሐሳቡን በቀየረ ቀን መጥፋት የለበትም።

በዚህ ሳምንት ቢያንስ አንድ ቻናል አውርዳችሁ አስቀምጡ። በሩ ሳይዘጋ!