ክኒኑ ከጉዞው በፊት ወይስ በኋላ?

የብስክሌት ኮርቻ ላይ ስድስትና ሰባት ሰዓት የዋለ ሰው ጉልበቱን፣ ወገቡን፣ አንገቱን ቢያመው ምን ይደንቃል? ማታ ቤቱ ገብቶ፣ ውኃ ጠጥቶና እህል ቀምሶ አንድ ፓራሲታሞል ቢውጥ፣ ጉበቱ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ የሚቆጣው ሐኪም ብዙ አይመስለኝም። ክርክሩ የሚጦፈው ክኒኑ ከጉዞው በፊት ወይም በመሀል ሲዋጥ ነው።

ደጋፊዎቹ ማስረጃ አላቸው። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 13 ሥልጡን ብስክሌተኞችን 16 ኪሎ ሜትር አስጋልቦ ነበር። 1.5 ግራም ፓራሲታሞል የወሰዱ ዕለት፣ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ከዋጡበት ቀን 2 በመቶ ገደማ ፈጠኑ፤ የተሰማቸው ሕመም ግን ያው ነበር። ፓራሲታሞል ደግሞ በውድድር አልተከለከለም።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሲሆኑ ነገሩ ይለያል። እነዚህ ሕመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። ላብ ሰውነትን ሲያደርቅ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳይቀንስ የሚያግዘውም ይኸው ንጥረ ነገር ነው። ጨጓራንም የሚጠብቀው እሱ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ጨጓራ የማያመው ሰው ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ 80 ኪሎ ሜትር በሮጡ ሰዎች ላይ አይቡፕሮፌን ከወሰዱት 52 በመቶው፣ ካልወሰዱት 34 በመቶው የኩላሊት ጉዳት ምልክት ታይቶባቸዋል። እርግጥ ሯጮች እንጂ ብስክሌተኞች አይደሉም፤ ተሳታፊዎቹም 89 ብቻ ስለነበሩ ልዩነቱ የመጨረሻ ፍርድ አይሆንም። እኔን ግን ለጥንቃቄ ይበቃኛል፤ በሙቀት መንገድ ላይ አይቡፕሮፌን አልውጥም።

ትራማዶል የተባለው ብርቱ ሕመም ማስታገሻ ላይ የማመነታበት ነገር የለም። ራስ ያዞራል፣ ያደነዝዛል፣ ሱስም ያስይዛል፤ ጎማ ለጎማ ተያይዞ በሚጋለብበት መንገድ የአንዱ መደንዘዝ ብዙዎችን ይጥላል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ከመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውድድር አግዶታል። ኮሎምቢያዊው ናይሮ ኪንታና አልወሰድኩም ቢልም፣ የ2022 የቱር ደ ፍራንስ 6ኛ ደረጃው በዚሁ ምክንያት ተሰርዞበታል።

ከሁሉም በፊት ግን ሕመሙ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይገባል። ጉልበቱን ከፊት በኩል የሚያመው ጋላቢ ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሎበት ነው። ይህን በመፍቻ ከፍ ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው።