ቤቱን የሚሰነጥቀው የውሃው ክብደት አይደለም

ሳሎን ውስጥ ትልቅ የዓሣ ገንዳ ማስቀመጥ የአዲስ አበባ ሆቴሎች ወግ ይመስላል። ጋምቤላ ላይ ሲነሳ ደግሞ ያስቃል። ባሮ በደጅ እያለፈ፣ ከአገሪቱ ተፋሰሶች ሁሉ በዓሣ ዝርያ ብዛት ቀዳሚ የሆነው ባሮ አኮቦ እያለ፣ ዓሣን በመስታወት አጥሮ ማየት ምን ይሉታል? በዚያ ሙቀት ላይ መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ የዓሣው ነገር ያሳዝናል።

ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። «የቤቴ መሠረት ይህን ሁሉ ውሃ ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ጋምቤላ ውስጥ በየግቢው ቆሟል፤ ስሙ ሮቶ ነው።

እስኪ በቁጥር ይታይ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ርዝመቱ 120፣ ወርዱና ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ የዓሣ ገንዳ 300 ሊትር ይይዛል፤ መስታወቱ፣ አሸዋውና ማስቀመጫው ሲደመር 400 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ነገር ግን በብሎኬት የተሠራ፣ በሁለቱም በኩል የተለሰነና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ በአንድ ሜትር ርዝመቱ ብቻ አንድ ቶን ይጠጋል። ሙሉው ገንዳ ከግማሽ ሜትር ግድግዳ አይበልጥም ማለት ነው። ያንን ሁሉ ግድግዳ የተሸከመ መሠረት በ400 ኪሎ አይንበረከክም።

እንዲያውም መሬት ላይ ባለ ቤት ገንዳው መሠረቱን አይነካውም። የሚያርፈው ሊሾው ላይ ነው፤ ከሊሾው ሥር ድርድር ድንጋይ፣ ከዚያም ሥር የተሞላ አፈር አለ። ሙሌቱ በደንብ ሳይጠቀጠቅ በችኮላ የፈሰሰ ሊሾ ከሆነ የሚሰምጠው እሱ ነው። ፎቅ ላይ ነገሩ ይለያል። ለመኖሪያ ቤት ሶሌታ ሲነደፍ የሚታሰበው ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው፤ 50 ሴንቲ ሜትር የቆመ ውሃ ደግሞ በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ይጫናል። ክፍሉ ሁሉ በገንዳ ካልተሞላ በስተቀር ወዲያው ይወድቃል ማለት አይደለም፤ ግን ቦታው ክፍሉ መሀል ሳይሆን ቢም አጠገብ መሆን አለበት።

እንግዲህ ክብደቱ ይህን ያህል ካልሆነ፣ የጋምቤላ ቤቶች ለምን ይሰነጠቃሉ? መልሱ ከሥር ነው። የክልሉ ሜዳ አፈር ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ወንዙ ዳር ደለልና አሸዋ አለ። ሰፊው ሜዳ ላይ ግን በክረምት ጫማ ይዞ የሚያስቀር፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር አለ። ደገኛው ኮትቻ ወይም ዋልካ ይለዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ 12 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍናል ይባላል፤ ገበሬውም ግንበኛውም ያውቀዋል። ይህ አፈር ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲያብጥ ቀላል ቤትን ከሥር ያነሳል። ለእሱ ከከባድ ቤት ይልቅ ቀላል ቤት ይመቸዋል፤ ክብደትን የሚፈራ ሰው ልብ የማይለው ይህንን ነው።

አፈሩ በቤቱ ዙሪያ እኩል ቢያብጥና እኩል ቢወርድ ጉዳቱ ባልከፋ። ቤት የሚሰነጠቀው አንዱ ጥግ ረጥቦ ሌላው ደርቆ ሲቀር ነው። እዚህ ላይ ሮቶው ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚቆመው ከግድግዳው ጥግ ነው፤ ተንሳፋፊው ሲበላሽ ሞልቶ ይፈሳል፣ መጋጠሚያው ያንጠባጥባል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ አገሩ ሁሉ ደርቆ ያ አንድ ጥግ ብቻ ክረምት ላይ ይኖራል። አንጻሩ ደግሞ ከግድግዳ ሥር የተተከለ ማንጎ ወይም ኒም ነው፤ ጥላው በዚያ ሙቀት ነፍስ ነው፣ ሥሩ ግን በበጋ ከቤቱ ሥር ያለውን እርጥበት እየጠጣ በዚያ በኩል ያለውን አፈር ያኮማትረዋል። ከዚያ በኋላ ስንጥቁ ከመስኮት ጥግ ይጀምርና ባለቤቱ «ሮቶው ከብዶት ነው» ይላል።

ክብደት በእውነት የሚያሳስበው በአንድ በኩል ነው። 2,000 ሊትር ሮቶ ከነብረት ማቆሚያው 2.2 ቶን ቢመዝን በአራት እግር 550 ኪሎ ይደርሳል። እግሩ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ኮንክሪት ላይ ካረፈ በካሬ ሜትር 6 ቶን ነው፤ ለራሰ ጥቁር አፈር ይህ ብዙ ነው። ወደ 60 በ60 ቢሰፋ 1.5 ቶን ላይ ይወርዳል። ልዩነቱ ጥቂት ሲሚንቶና ጠጠር ነው።

በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001፣ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ወለል ቤት በቀላሉ ምድብ፣ በምድብ «ሀ» ተመድቦ ነበር። ለሰው ገንዘብ ከማሰብ አንጻር ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥቁር አፈር ከፎቅ ይልቅ የሚጎዳው ይህንኑ ቤት ነው፤ ባለፎቁ መሐንዲስ አለው፣ የምድብ «ሀ» ባለቤት ያለው ግንበኛ ነው። የክልሉ ከተሞች ቦታ ሲሰጡ የአፈሩን ዓይነት በአንድ ገጽ ጽፈው አብረው ቢሰጡ ትልቅ ወጪ አይሆንም። አንድ የቀን ሠራተኛ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ቆፍሮ ማሳየት ይችላል። ጥቁሩ አፈር ከተገኘ የቻለ አውጥቶ በገረጋንቲ ይሞላል፤ ያልቻለ መሠረቱን ከስንጥቁ ጥልቀት በታች ያወርዳል፣ ግንቡን በብረት ማሰሪያ ቢም ያስራል። አሸንዳ መግጠምና የቤቱን ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል በሲሚንቶ ወደ ውጭ አዘንብሎ መለሰን ግን ለተሠራ ቤትም ይሆናል። ሮቶውን ከግድግዳው ሁለት ሦስት ሜትር ማራቅና ትርፍ ውሃውን በቱቦ ወደ ጓሮው መውሰድማ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ባሮ ሞልቶ ከተማዋ ውስጥ ሲገባ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ትንሽ መስሎ ነበር፤ ጎርፍን በአሸንዳ የሚመልስ የለም። ግን ጎርፍ በየዓመቱ አይመጣም፣ የሚያንጠባጥበው ሮቶ በየቀኑ አለ።

የዓሣ ገንዳውን ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ካለም መንገዱ ቀላል ነው። ግንበኛው ሊሾው ላይ ውሃ ልኩን በጥር አስቀምጦ ምልክት ያድርግ፣ በነሐሴ መልሶ እዚያው ላይ ይለካ። አረፋው ከቦታው ከሄደ ወለሉ ይንቀሳቀሳል፤ መስታወቱም ከግድግዳው ቀድሞ ይሰነጠቃል።