የቤት ኮምፒዩተር የይለፍ ቃል በተረሳ ጊዜ ሊደረግ ስለሚገባው ነገር

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ንብረት አያያዝና ስለ ቤት ሥርዓት መጻፋችን የታወቀ ነው። ዛሬ ደግሞ ብዙ ቤቶችን ሲያስጨንቅ ስለምናየው ስለ አንድ ጉዳይ ለመጻፍ አሰብን፤ ይኸውም የቤት ኮምፒዩተር የሚከፈትበት ቃል የተረሳ እንደ ሆነ ምን ማድረግ ይገባል የሚለው ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቀድሞ በሳጥን ተቈልፎ ይቀመጥ የነበረው ሁሉ ዛሬ የሚቀመጠው በኮምፒዩተር ውስጥ ነው፤ የቤትና የይዞታ ወረቀት ቅጂ፣ የገቢና የወጪ መዝገብ፣ ልጅ ለትምህርቱ የደከመበት ጽሑፍ፣ በሕይወት የሌሉ ወላጆች ፎቶግራፍና ድምፅ በዚያ ይገኛል። ስለዚህ ቃሉ ሲጠፋ የሚጠፋው ቃሉ ብቻ አይደለም።

«ይለፍ» የሚለው ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ቀድሞ ነጋዴው ኬላ ሲደርስ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር፤ በጦር ሰፈርም ዘበኛው በሌሊት የመጣውን ሰው ወዳጅ መሆኑን የሚያውቀው አስቀድመው በተስማሙበት ቃል ነው። የኮምፒዩተሩም ዘበኛ እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ግን ይህኛው ማዕረግ አይቶ የሚያከብር፣ ልመናም ሰምቶ የሚራራ አለመሆኑ ነው። የቤቱ ጌታ ቢሆንም እንኳ ቃሉን ካላወቀ እንደ ማናቸውም እንግዳ በደጅ ይቆማል።

ይህን ልማድ በኮምፒዩተር ላይ ካስጀመሩት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ፈርናንዶ ኮርባቶ ናቸው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ብዙ ሰዎች አንዱን ትልቅ ኮምፒዩተር እየተካፈሉ የሚሠሩበት ሥርዓት ሲዘጋጅ፣ የአንዱ ጽሑፍ በሌላው እንዳይነካ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የግል ቃል ተደረገለት። በ1962 ግን አለን ሼር የሚባል ተማሪ የተፈቀደለት ሰዓት ስላልበቃው የሁሉም ቃል የተጻፈበትን መዝገብ በማሽኑ አሳትሞ ወሰደና በሌሎች ሰዎች ቃል ይገባ ጀመር። እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስ ባለሙያዎች ኋላ ቃሉ ራሱ በማሽን ውስጥ ተጽፎ እንዳይቀመጥ አደረጉ። ዛሬ የሚቀመጠው ከቃሉ በሒሳብ የወጣ ምልክት ብቻ ነው። እህል ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄት ግን ተመልሶ እህል አይሆንም። ማሽኑም የጻፍንለትን ቃል ፈጭቶ ከቀድሞው ዱቄት ጋር ያስተያያል እንጂ እህሉን አያውቀውም። ስለዚህ «የረሳሁትን ቃል አንብበህ ንገረኝ» ብሎ ባለሙያን መጠየቅ ከንቱ ነው፤ የሚቻለው በቦታው ሌላ ቃል መተካት ነው።

እንግዲህ ቃሉ የጠፋበት ሰው አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው አለመቸኮል ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ነገር ግን አፍሶ የማይለቅምም አለ። ብዙ ጊዜ ቃሉ ተረሳ የሚባለው ሳይረሳ ነው። ካፕስ ሎክ የተባለው ቁልፍ በርቶ ከሆነ ትንሹ የላቲን ፊደል ሁሉ ትልቅ ሆኖ ይጻፋል፤ ነም ሎክ ጠፍቶ ከሆነም በቀኝ በኩል ያሉት የቍጥር ቁልፎች ቍጥር አይጽፉም። የመጻፊያው ቋንቋ ተለውጦ እንደ ሆነ ደግሞ ጣት የለመደው ስፍራ ሌላ ፊደል ያወጣል፤ ለምሳሌ በፈረንሳይና በእንግሊዝ አጻጻፍ «ኤ» እና «ኪው» የተባሉት ፊደላት ስፍራ ተለዋውጠዋል። ስለዚህ በመስኮቱ ግርጌ የሚታየውን የቋንቋ ምልክት መመልከት፣ በመጻፊያውም ጫፍ ያለውን የዓይን ምልክት ተጭኖ የተጻፈውን በዓይን ማየት ይገባል። ዳግመኛም ማሽኑ የሚጠይቀው ፒን የተባለውን አጭር ቍጥር ይሁን ወይስ ረጅሙን ቃል ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንዱን የረሳ ሰው ሁለተኛውን ያስታውስ ይሆናልና፣ ዊንዶውስ የመግቢያውን መንገድ ለማለዋወጥ ይፈቅዳል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ሁለተኛው ጥያቄ መለያው የተከፈተው በማን ስምና በምን ዐይነት ነው የሚለው ነው። በማይክሮሶፍት የኢሜይል መለያ የተከፈተ ኮምፒዩተር ከሆነ መፍትሔው ከማሽኑ ውጭ ነው። በእጅ ስልክ ወይም በሌላ ኮምፒዩተር ወደ ማይክሮሶፍት የመለያ ገጽ ገብቶ ቃሉን መርሳቱን ሲያመለክት፣ አስቀድሞ ወዳስመዘገበው ስልክ ወይም ሌላ ኢሜይል የማረጋገጫ ቍጥር ይላክለታል፤ በዚያም አዲስ ቃል ያወጣል። ከዚህ በኋላ የተዘጋው ኮምፒዩተር አዲሱን ቃል እንዲያውቅ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት። ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው አዲሱን ቃል አውጥቶ ሳለ «አልሠራም» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል።

እዚህ ላይ በአገራችን ቤቶች የሚያጋጥመውን አንድ ችግር መግለጥ ይገባናል። ኮምፒዩተሩ በውጭ አገር ከሚኖር ልጅ ወይም ዘመድ በስጦታ የመጣ ሲሆን፣ ላኪው ለቤተ ሰቡ እንዲቀል ብሎ በገዛ ኢሜይሉና በገዛ ስልኩ ከፍቶ ይልከዋል። ቃሉ በተረሳ ቀን የማረጋገጫው ቍጥር የሚሄደው አዲስ አበባ ላይ ወደሚጨነቀው አባት ሳይሆን ዋሽንግተን ላይ ወደ ተኛው ልጅ ነው። ሌላውም ቤት አስመዝግቦት የነበረውን የስልክ ቍጥር ከለወጠ ዓመታት አልፈውታል። ስለዚህ ስጦታ የሚልክ ዘመድ መለያውን በተቀባዩ ስም እንዲከፍት፣ ተቀባዩም ስልኩን በለወጠ ጊዜ ይህንኑ በመለያው ላይ እንዲያስተካክል እንመክራለን።

መለያው በዚያው ማሽን ላይ ብቻ የተከፈተ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር ከ2018 ወዲህ ዊንዶውስ 10 እንዲህ ያለው መለያ ሲከፈት ሦስት የምስጢር ጥያቄዎችን ያስመዘግባል፤ ቃሉ አንድ ጊዜ ከተሳሳተ በኋላ ጥያቄዎቹን መልሶ አዲስ ቃል ማውጣት ይቻላል። አስቀድሞ በፍላሽ የመልሶ ማስከፈቻ ያዘጋጀ ሰው ካለም በዚያ ይከፍታል። ወይም በዚያው ኮምፒዩተር የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያለው ሌላ የቤተ ሰብ አባል መለያ ካለ፣ እርሱ ገብቶ ለረሳው ሰው አዲስ ቃል ሊያወጣለት ይችላል። በዚህ መንገድ ሲለወጥ ግን ባለመለያው በዊንዶውስ ምስጢር አድርጎ የቈለፋቸው ጽሑፎች ካሉ እነርሱ ተቈልፈው ሊቀሩ ስለሚችሉ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ አንዱም ካልተገኘ የሚቀረው ማሽኑን እንደ አዲስ ማስጀመር ነው፤ ይህም በውስጡ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል። ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ይህ ነው፤ በሩን መክፈትና ዕቃውን ማዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩን ወደ ጠጋኝ ወስዶ «ክፈትልኝ» ይላል፤ ጠጋኙም እንደ ታዘዘው ይከፍታል፤ ባለቤቱ ቤቱ ሲደርስ ማሽኑ ተከፍቶ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ አስቀድሞ «ማሽኑ ይቅር፤ ጽሑፎቹንና ሥዕሎቹን አድንልኝ» ማለት ይገባል። ሃርድ ዲስኩ ካልተመሰጠረ ባለሙያው ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ያለ ይለፍ ቃል ጽሑፉን ሊገለብጥ ይችላል። ቢትሎከር በተባለው መንገድ ከተመሰጠረ ግን 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቍጥር ያስፈልጋል። በ2024 ከወጣው የዊንዶውስ 11 ዕትም ወዲህ አዳዲስ ማሽኖች ባለቤቱ ሳያስተውለው እንዲህ ተመስጥረው ይገኛሉ። ቍጥሩም ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት መለያ ውስጥ ተመዝግቦ ይኖራል፤ ካልተገኘ ግን የዓለም ባለሙያ ሁሉ ቢሰበሰብ ያንን ዲስክ አያነበውም።

በጭንቅ ጊዜ አታላይ እንደሚበዛም መርሳት አይገባም። የማይክሮሶፍት የእርዳታ ሠራተኞች የማንንም ቃል እንዲለውጡ አልተፈቀደላቸውም፤ ስለዚህ ስልክ ደውሎ «ከኩባንያው ነኝ፤ የደረሰህን ቍጥር ንገረኝ፤ ልክፈትልህ» የሚል ሰው ሌባ መሆኑን ያለ ጥርጥር ማወቅ ይቻላል። በሌላ ወገን ደግሞ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ስለዚህ ጠንቃቃ ጠጋኝ «ማሽኑ የማን ነው? የተገዛበት ደረሰኝ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ሊቈጡት ሳይሆን ሊያመሰግኑት ይገባል።

ይህ ሁሉ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ግን አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ይበልጣል። ከሁሉ አስቀድሞ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ነገር በሌላ ዲስክ ተገልብጦ ለብቻው ይቀመጥ፤ ግልባጭ ያለው ሰው ቃሉ ቢጠፋበት ይናደዳል እንጂ አያለቅስም።

ስለ ቃሉም አመራረጥ ጥቂት እንበል። ከመኳንንት ወገን የሆነ ሰው የአያቱን የፈረስ ስም፣ የተማረ ሰውም በቃሉ የሚያውቀውን የጸሎት መጀመሪያ ለመጻፍ ይቀናዋል። ነገር ግን የፈረስ ስም አዝማሪ የዘፈነው፣ ጸሎቱም ተማሪ ሁሉ የሚደግመው ስለ ሆነ ምስጢር ሊሆን አይችልም። ይልቅስ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላትን አጋጥሞ አንድ ረጅም ሐረግ ማድረግ ለማስታወስ ይቀላል፤ ለገማች ግን ይከብዳል። ቃልን በየጊዜው መለወጥም እንደ ትጋት ይቈጠር ነበር፤ ሆኖም የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ተቋም በ2017 ባወጣው መመሪያ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስለወጥ እንዲቀር መክሯል። በ2003 የቀድሞውን ምክር የጻፉት ቢል በርም በዚያው በ2017 በጻፉት መጸጸታቸውን ለጋዜጣ ተናግረዋል። በየጊዜው የሚለወጥ ቃል በየጊዜው ይረሳልና።

ቃሉን በወረቀት መጻፍ ነውር ነው የሚሉ አሉ። በኮምፒዩተሩ ፊት ለፊት ለጥፎ መተው በእርግጥ ነውር ነው፤ ዘበኛውን አቁሞ ቃሉን በደጁ ላይ እንደ መጻፍ ይቈጠራል። ነገር ግን በፖስታ አሽጎ ከቤቱ ካርታና ከጋብቻው ውል ጋር በተቈለፈ ሣጥን ማኖር ብልኅነት ነው፤ በኢንተርኔት የሚመጣ ሌባ እጁን ወደ ሣጥናችን ሊሰድ አይችልም። ወረቀቱ ግን ስፍራው የታወቀ ይሁን። ስቴፋን ቶማስ የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ 7,002 ቢትኮይን የተባለ ገንዘብ የሚከፈትበትን ምስጢር ያኖረው በአንዲት ትንሽ ዲስክ ውስጥ ነበር፤ ዲስኳም አሥር ጊዜ ከተሳሳቱባት ለዘላለም የምትዘጋ ናት። ቃሏን የጻፈበት ወረቀት ጠፋበት። በጥር 2021 በፈረንጅ አቈጣጠር ታሪኩ በጋዜጣ ሲወጣ ስምንት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ብቻ ቀርተውት ነበር።

በመጨረሻም ለመናገር የሚከብደውን እንናገራለን። ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ ያ ሰው ታሞ አንደበቱ ቢያዝ ወይም በድንገት ቢሞት ምን ይሆናል? ሚስት በኀዘን ላይ ሳለች የባሏን የዕዳና የገቢ መዝገብ ማየት ይሳናታል፤ ልጆችም የአባታቸውን ድምፅ የያዘው ማሽን በፊታቸው ተቀምጦ ሳለ ሊሰሙት አይችሉም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት ይቻላል፤ ማሽን ግን የዳኛ ማኅተም አይቶ አይከፈትም። ይህን አስበው ጉግል በ2013፣ አፕል ደግሞ በ2021 ባለመለያው ገና በሕይወቱ ሳለ ኋላ የሚተካውን ሰው እንዲያስመዘግብ መንገድ አበጅተዋል። አባቶቻችን ኑዛዜያቸውን በጤናቸው ሳሉ ጽፈው ለታመነ ሰው አደራ ይሰጡ እንደ ነበር፣ የዛሬውም ባለቤት የይለፍ ቃሉን ፖስታ ከትዳር ጓደኛው ጋር ተስማምቶ ቢያኖር ክብሩን አይቀንስበትም። ቃሌን አልሰጥም የሚል ሰው እንኳ ፖስታው የት እንዳለና መቼ እንደሚከፈት ቢናገር ይበቃል።

በቤት ውስጥ አረጋዊ ወላጅ ቃሉን ቢረሳም ልጆች ሊስቁበት አይገባም። መርሳት የሰው ሁሉ ነው፤ ያልተለመደው ነገር አንድ ቤት ሙሉ በአንድ ሰው ትዝታ ላይ መንጠልጠሉ ነው። እንግዲህ ይህን ያነበበ ሁሉ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር ይመርምር፤ መለያው በማን ስም እንደ ተከፈተ፣ የተመዘገበው ስልክ ዛሬም በእጁ መሆኑን፣ ጽሑፎቹም በሌላ ስፍራ መገልበጣቸውን። ሥራው የአንድ ሰዓት ነው።